«ኢትዮጵያ» የተባለችው መርከብ

ባለፈው በኅብረተሰብ ትምህርት ፈተና «ኢትዮጵያ የባሕር ኃይል ኖሯት አያውቅም» የሚለውን «እውነት» ብዬ መለስኩና ኤክስ ሆነብኝ። የቆጨኝ ግን ኤክሱ አይደለም። ጎረቤታችን ያሉት አባባ የድሮ ባሕርተኛ መሆናቸውን አለማወቄ ነው። የሰሊጥ ጆንያ ሲያስሩ ቋጠሯቸው በቀላሉ አይፈታም። «የት ተማሩት?» ስላቸው «መርከብ ላይ ነዋ ልጄ» አሉኝ። ዛሬ ስለዚያች መርከብ ላካፍላችሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

1. የት ተሠራች?

የመጀመሪያ ስሟ ኦርካ ነበር። አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ ተሠርታ በ1935 ውሃ ላይ ወረደች። በጥር 1936 ሥራ ጀመረች። ጊዜው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነበር። ውሃ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖች አሉ አይደል? ባሕር ላይ ማደያና ጋራዥ የለም። ስለዚህ ነዳጅ፣ ጥይትና ምግብ የምትሰጣቸው፣ ሲበላሹም የምትጠግናቸው እሷ ነበረች። በፓስፊክ ውቅያኖስ፣ በኒው ጊኒና በፊሊፒንስ አካባቢ አገልግላለች።

2. እንዴት የእኛ ሆነች?

በጥር 1954 አሜሪካ ለኢትዮጵያ በውሰት ሰጠችን፤ ስሟም «ኢትዮጵያ» ተባለ። በኋላ ገዛናት። ያኔ ምጽዋና አሰብ በኢትዮጵያ ሥር ነበሩ፤ የባሕር ኃይላችን ዋና ሰፈርም ምጽዋ ነበር። ርዝመቷ 95 ሜትር ያህል ነው፤ ይህም ወደ እግር ኳስ ሜዳ ርዝመት ይጠጋል። ፍጥነቷ ግን በሰዓት 33 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ባጃጅ ሊቀድማት ይችላል! ሆኖም ከባሕር ኃይላችን መርከቦች ትልቋ እሷ ነበረች። ሥራዋም ማሠልጠን ነበር። ብዙ ወጣቶች ባሕርተኝነትን የተማሩት እሷ ላይ ነው።

3. መጨረሻዋስ?

በየካቲት 1982 ምጽዋ በጦርነት ተያዘች። በግንቦት 1983 ደግሞ ደርግ ሲወድቅ መርከቧ ከሌሎች መርከቦች ጋር ቀይ ባሕርን ተሻግራ የመን ገባች። ወደብ ስለሌለን መመለሻ አጣች። በ1985 እዚያው ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች።

እኔ ቁጥሩን አሰላሁት፤ ከ1954 እስከ 1983 ድረስ 29 ዓመት ነው። ለአሜሪካ ካገለገለችው ይልቅ ለእኛ ያገለገለችው ይበልጣል። እኔ ግን ስሟን እንኳ አላውቅም ነበር።

አባባን «ስትሸጥ ምን ተሰማዎት?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ቶሎ አልመለሱልኝም። ጆንያውን አስረው ከጨረሱ በኋላ «እኛስ ተርፈን አገራችን ገባን፤ እሷ ናት የቀረችው። ስሟን አሳምረህ ጻፈው» አሉኝ። ለዚህ ነው ርዕሱን በቀይ እስክሪብቶ የጻፍኩት።

በ2010 ጠቅላይ ሚኒስትሩ የባሕር ኃይል እንደገና እንደሚቋቋም ተናግረዋል። የኛ ሳንጃ ከባሕር ሩቅ ናት፤ ታሪኩን የሚያውቅ ሰው ግን ጎረቤት ሊኖር ይችላል።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

ሀ. «ኢትዮጵያ» መርከብ የቀድሞ ስሟ ማን ነበር?
ለ. በጦርነቱ ጊዜ ሥራዋ ምን ነበር?
ሐ. በሰፈራችሁ ያሉ አንድ አዛውንት በወጣትነታቸው ምን ይሠሩ እንደነበር ጠይቃችሁ ጻፉ።

የሀ እና የለ መልስ በሚቀጥለው እትም ይወጣል። የሐን መልስ ግን የምታውቁት እናንተ ብቻ ናችሁ፤ ለክበባችን አምጡልን።