ከመንገድ ዳር የቆሙት አሮጌ ወታደሮች

በአገራችን ሬሳ ሲያልፍ መንገደኛ ይቆማል። በቅሎ የተቀመጠም ይወርዳል። ሟቹን ባያውቀውም ይቆማል። ዛሬ የምናነበው በሩቅ አገር እንዲሁ ስለ ቆሙ ሰዎች ነው።

በእንግሊዝ አገር ዉተን ባሴት የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በአቅራቢያዋ የጦር አውሮፕላን ማረፊያ ነበር። ስሙ ላይናም ይባላል። በእኛ አቆጣጠር ከ1999 እስከ 2003 ዓ.ም. በኢራቅና በአፍጋኒስታን የሞቱ የእንግሊዝ ወታደሮች አስከሬን በዚያ ይገባ ነበር። ከዚያ በመኪና ወደ ኦክስፎርድ ሆስፒታል ይወሰዳል። መንገዱ የሚያልፈው በከተማዋ መካከል ነው።

በ1999 ዓ.ም. ጥቂት የቀድሞ ወታደሮች አስከሬን ሲያልፍ አዩ። ከመንገድ ዳር ቆመው ሰላምታ ሰጡ። ማንም አላዘዛቸውም።

ታዲያ ለምን ቆሙ? በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች የሞተ የእንግሊዝ ወታደር የሚቀበረው በወደቀበት አገር ነበር። እናት የልጇን ሬሳ ሳታይ ትቀራለች። አሮጌ ወታደር ይህን ያውቃል። ጓደኛውን በሰው አገር አፈር ያለበሰ ሰው፣ ሬሳ አገሩ ሲገባ ዝም ብሎ ማሳለፍ አይሆንለትም።

ከዚያ በኋላ ሰዉ እየበዛ ሄደ። ባለሱቁ ሱቁን ዘግቶ ይወጣል። የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ይደወላል። አሮጌዎቹ ወታደሮች ሜዳያቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው የማኅበራቸውን ዓርማ ዝቅ ያደርጋሉ። ንግግር የለም። ቤተሰብ አበባ ያኖራል፤ ያለቅሳል። በዚህ ሁኔታ በ167 ጊዜ የ345 ሰዎች አስከሬን አለፈ።

ስለ ጦርነቱ የአገሩ ሕዝብ አንድ ሐሳብ አልነበረውም። የሚደግፍ ነበር፤ የሚቃወምም ነበር። ለሟች መቆም ግን ጦርነትን ማወደስ አይደለም። ለእናትየዋ «ልጅሽን አይተነዋል» ማለት ነው።

በ2003 ዓ.ም. ማለቂያ አስከሬኑ በሌላ ማረፊያ መግባት ጀመረ። በ2004 ዓ.ም. ከተማዋ «ሮያል» የሚል የክብር ስም ተጨመረላት። ትርጉሙ ንጉሣዊ ማለት ነው።

ቃላት
አስከሬን፦ ሬሳ።
ዓርማ፦ የማኅበር ምልክት ያለበት ባንዲራ።
ሜዳይ፦ ለጀግንነት ወይም ለአገልግሎት የሚሰጥ፣ ደረት ላይ የሚንጠለጠል ሽልማት።

ጥያቄ
1. አሮጌዎቹን ወታደሮች እንዲቆሙ ያዘዛቸው ማን ነው?
2. ጦርነቱን የሚቃወም ሰው ለሟቹ ሊቆም ይችላል? ለምን?
3. በቀበሌያችሁ ልጃቸው ዘምቶ ሬሳው እንኳ ያልመጣላቸው እናት አሉ? ማን ይጠይቃቸዋል?