ሐዲድን በበረዷማ አፈር ላይ ማጽናት

ሐዲድ የሚጸናው የሚያርፍበት መሬት በጸናበት መጠን ነው። ታዲያ መሬቱ ራሱ ከአፈርና ከበረዶ የተሠራ ቢሆንስ? ይህ ጥያቄ በቻይና የቺንግሃይና የቲቤትን የባቡር መስመር የነደፉ ባለሙያዎችን የገጠመ ነው። ከጎልሙድ እስከ ላሳ የሚዘልቀው 1,142 ኪሎ ሜትር ክፍል እ.ኤ.አ. በ2001 ተጀምሮ በ2006 ለአገልግሎት በቃ። ከፍተኛው ሥፍራ የታንግላ መተላለፊያ ሲሆን፣ ከባሕር ወለል በላይ 5,072 ሜትር ላይ ይገኛል፤ ከራስ ዳሸን ጫፍ እንኳ በብዙ መቶ ሜትሮች ይበልጣል። ከመስመሩ 550 ኪሎ ሜትር ያህሉ የሚያልፈው ከሥሩ ዓመቱን ሙሉ በረዶ በሆነ መሬት ላይ ነው።

የችግሩ ምንነት

ቢያንስ ለሁለት ተከታታይ ዓመታት መጠነ ሙቀቱ ከ0 ዲግሪ ሴልሺየስ ያልበለጠ መሬት ፐርማፍሮስት ይባላል። የላይኛው ንጣፍ በሙቀት ወራት ይቀልጣል፣ በብርድ ወራት ተመልሶ ይረጋል፤ ከሥሩ ያለው ግን እንደረጋ ይኖራል። ውኃ በረዶ ሲሆን ይዘቱ በ9 በመቶ ያህል ይጨምራል። በመርጋት ላይ ያለው አፈርም ከአካባቢው ተጨማሪ ውኃ ወደ ራሱ ስለሚስብ መሬቱ ወደ ላይ ያብጣል። በተቃራኒው፣ የአፈሩን ቅንጣቶች እንደ ሲሚንቶ አጣብቆ የያዘው በረዶ ሲቀልጥ ጠንካራው መሬት ጭቃ ሆኖ ይሰምጣል። መስመሩ በሙሉ እኩል ቢሰምጥ ጉዳቱ በቀለለ ነበር፤ አደጋው አንዱ ቦታ ሰምጦ አጠገቡ ያለው ባለበት ሲቀር ነው።

ቴርሞሜትር የማያሳየው ለውጥ

1 ኪሎ ግራም በረዶን ከ-1 ወደ 0 ዲግሪ ለማድረስ 2.1 ኪሎ ጁል ሙቀት ይበቃል። ያንኑ በረዶ እዚያው 0 ዲግሪ ላይ ወደ ውኃ ለመለወጥ ግን 334 ኪሎ ጁል ያስፈልጋል፤ 160 እጥፍ ገደማ መሆኑ ነው። ይህ ስውር ሙቀት ሁለት ነገር ያስተምረናል። አንደኛ፣ በረዶ የበዛበት መሬት በአንድ ጊዜ አይቀልጥም። ሁለተኛ፣ መቅለጥ ከጀመረ በኋላ መጠነ ሙቀቱ 0 ዲግሪ አጠገብ እንደቆመ ይቆያል፤ ቴርሞሜትሩ ይህ ነው የሚባል ለውጥ ሳያሳይ መሬቱ ጥንካሬውን ያጣል ማለት ነው። በዚህ መስመር ላይ ካለው በረዷማ መሬት ግማሽ ያህሉ አማካይ ዓመታዊ መጠነ ሙቀቱ ከ-1 ዲግሪ በላይ በመሆኑ፣ ከመቅለጥ የሚለየው ከአንድ ዲግሪ ያነሰ ልዩነት ብቻ ነው።

መሸፈን ለምን አይበቃም?

በቅድሚያ ወደ አእምሮ የሚመጣው መፍትሔ መደላድሉን ማወፈር ወይም ሙቀት በማያሳልፍ ነገር መሸፈን ነው። በጋቢ የተጠቀለለ በረዶ ከተራቆተው ዘግይቶ ይቀልጣል፤ መቅለጡ ግን አይቀርም። ከዚህም በላይ ሽፋኑ በሙቀት ወራት ሙቀት እንዳይገባ እንደሚከለክል ሁሉ፣ በብርድ ወራትም ሙቀት እንዳይወጣ ይከለክላል። ስለዚህ የቻይናው ተመራማሪ ቼንግ ጉኦዶንግና ባልደረቦቹ መሬቱን ከሙቀት መከለል ብቻ ሳይሆን፣ መሬቱን ራሱን ማቀዝቀዝ እንደሚገባ አስተማሩ። የሚፈለገው ሙቀትን ወደ ውጭ የሚያሳልፍ፣ ወደ ውስጥ ግን የማያሳልፍ መደላድል ነው። የኤሌክትሪክ ፍሰትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈውን ዳዮድ እናስታውስ።

የድንጋዩና የቱቦው አሠራር

ይህን ተግባር የሚፈጽመው አንዱ ዘዴ እጅግ ቀላል ነው፤ በመካከላቸው ክፍተት ያለባቸው የተፈለጡ ድንጋዮች ንጣፍ። በብርድ ወራት ከላይ ያለው አየር ይቀዘቅዛል። በእኩል ግፊት የ-20 ዲግሪ አየር ከ0 ዲግሪ አየር በ8 በመቶ ያህል ስለሚከብድ በክፍተቶቹ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከመሬቱ ሙቀት የወሰደው አየር ደግሞ ወደ ላይ ይወጣል። ይህ ኮንቬክሽን የመሬቱን ሙቀት ጠርጎ ያወጣል። በሙቀት ወራት ሁኔታው ይገለበጣል፤ ሞቃቱና ቀላሉ አየር ከላይ፣ ቀዝቃዛውና ከባዱ ከታች ስለሚሆን ዝውውሩ ይቆማል። የቆመ አየር ደግሞ ሙቀትን በደንብ አያስተላልፍም።

ሁለተኛው ዘዴ ቴርሞሳይፎን ነው፤ ከፊሉ መሬት ውስጥ የተቀበረ፣ አሞኒያ ያለበት የታሸገ የብረት ቱቦ። በብርድ ወራት ከታች ያለው ፈሳሽ አሞኒያ ከመሬቱ ሙቀት ወስዶ ይተናል፤ ትነቱ ወደ ላይ ወጥቶ በቀዝቃዛው አየር ሙቀቱን ይለቅና ፈሳሽ ሆኖ በራሱ ክብደት ይመለሳል። በሙቀት ወራት የላይኛው ጫፍ ከታችኛው ስለሚሞቅ ትነቱ ወደ ፈሳሽ አይለወጥም፤ ዑደቱም ይቆማል። ሞተርም ኤሌክትሪክም አያሻውም። እ.ኤ.አ. በ1977 ሥራ የጀመረው የአላስካ የነዳጅ ማስተላለፊያ መስመር ምሰሶዎችም በዚሁ ዓይነት ቱቦዎች ይቀዘቅዛሉ።

መሬቱ ፈጽሞ በማያስተማምንበት ሥፍራ ሐዲዱ በጥልቅ በተተከሉ ምሰሶዎች ላይ በድልድይ እንዲያልፍ ተደርጓል። 11.7 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የቺንግሹይሄ ድልድይ የዚህ ምሳሌ ነው።

የዘዴዎቹ ወሰን

ድንጋዩም ቱቦው ቅዝቃዜን አይፈጥሩም፤ የብርዱን ወራት ቅዝቃዜ መሬት ውስጥ ያከማቻሉ እንጂ። ስለዚህ የብርዱ ወራት እየለዘበ በሄደ ቁጥር የማቀዝቀዝ አቅማቸው ይቀንሳል፤ የቲቤት አምባ ደግሞ ከዓለም አማካይ በፈጠነ ሁኔታ እየሞቀ ነው። ነፋስ የሚያመጣው አሸዋም የድንጋዮቹን ክፍተት ከደፈነ ዝውውሩን ያዳክማል። ፀሐይ የበዛበት የመደላድሉ ጎን ከሌላው ይልቅ ስለሚሞቅም ሁለቱ ጎኖች እኩል ሳይሰምጡ ቀርተው መደላድሉ በቁመቱ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ በዚህ የተነሣ በዚያ ጎን የድንጋዩን ንጣፍ ማወፈር ያስፈልጋል። ሐዲዱ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚተው አይደለም፤ የመሬቱ መጠነ ሙቀት በየጊዜው እየተለካ ሊጠበቅ የሚገባው ነው።

ከዚህ የምናገኘው ትምህርት፣ ተፈጥሮን በኃይል መቋቋም በማይቻልበት ቦታ የክብደትን፣ የትነትንና የአየር ዝውውርን ሕግ ማሠራት እንደሚቻል ነው። አንባብያን ትምህርቱን ለማጽናት ሁለት ጥያቄዎችን እንዲመረምሩ እንጋብዛለን። ቴርሞሳይፎኑን ፈጽሞ አግድም ብናስተኛው ይሠራልን? በድንጋዮቹ ፋንታ ደቃቅ አሸዋ ብንጠቀምስ ምን ይሆናል? ሁለቱንም በአጥጋቢ ምክንያት የመለሰ ተማሪ የዚህን ሐዲድ ምሥጢር ተረድቷል።