ግራፋችሁ ራሱን ይናገር፦ በመመረቂያ ጥናት ግራፍ ላይ ጽሑፍ አጨማመር



ውድ እህትና ወንድሞች፣ የመመረቂያ ጥናት ሰሞን ደርሷል። ከመካከላችን ብዙዎች ከፍኖተ ሰላም፣ ከቡሬና ከአካባቢያቸው ገጠር የአፈር ናሙና ወይም የምርት መረጃ ሰብስበው ተመልሰዋል። መረጃው በድካም የመጣ፣ ገበሬውም ጊዜውን ሰጥቶ ያስለካው አማና ነው። ይህ ድካም ግራፉ ላይ በሚጻፉ ጥቂት ቃላት ሊበላሽ ይችላል። የዛሬው ትምህርታችን በእነዚህ ቃላት ላይ ነው።

1. ነጥቡን በስሙ መጥራት

የምዕራብ ጎጃም አፈር በብዙ ቦታ አሲዳማ ነው። እንበልና የአፈር ፒኤችን ከበቆሎ ምርት ጋር ልናወዳድር ነው። (ቁጥሮቹ ለልምምድ ብቻ የተዘጋጁ ናቸው።)

ቡሬ፦ ፒኤች 4.9፣ ምርት 32
ጃቢ ጠህናን፦ ፒኤች 5.4፣ ምርት 41
ደምበጫ፦ ፒኤች 5.9፣ ምርት 50

በኤክሴል ስሙን፣ ፒኤቹንና ምርቱን በሦስት ዓምድ አስገቡ። ሁለቱን የቁጥር ዓምዶች ብቻ መርጣችሁ የነጥብ ግራፍ (ስካተር) ሥሩ። ግራፉን ስትነኩት በቀኝ ጥግ የመደመር ምልክት ይወጣል። በእሱ ገብታችሁ «ዳታ ሌብልስ»ን፣ ከዚያም ተጨማሪ ምርጫዎችን ክፈቱ። «ቫልዩ ፍሮም ሴልስ» የሚለውን መርጣችሁ የስሞቹን ዓምድ አሳዩት። «ዋይ ቫልዩ» ላይ ያለውን ምልክት አንሱ። አሁን እያንዳንዱ ነጥብ ስሙን ይዟል።

እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። ስሞቹን በፊደል ተራ ለማስተካከል የስም ዓምዱን ብቻ ብትደረድሩ ቁጥሮቹ ባሉበት ይቀራሉ። የቡሬ ስም የደምበጫ ነጥብ ላይ ሊወድቅ ይችላል። 4.9 የነበረው አፈር 5.9 ሆኖ ይነበባል። ፒኤች ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየም እየሟሟ ሥርን መጉዳት ይጀምራል፤ መፍትሔውም ኖራ ነው። ስሙ ከተዛወረ ኖራ የሚያስፈልገው ገበሬ «አያስፈልግህም» ሊባል ነው፤ የማያስፈልገው ደግሞ ለብዙ ኩንታል ኖራ መጓጓዣ ሊከፍል ነው። ስለዚህ ስትደረድሩ ሦስቱንም ዓምዶች አብራችሁ ምረጡ። በመጨረሻም ሁለት ነጥቦችን ከመስክ መዝገባችሁ ጋር አመሳክሩ።

2. መለኪያውን መጻፍ

በዚያው የመደመር ምልክት «አክሲስ ታይትልስ»ን ምረጡና የዘንጎቹን ስም ጻፉ። «ምርት» ብቻ ብሎ መተው አይበቃም። ገበሬው የሚነግራችሁ በጥማድ ነው፤ መጽሐፉ የሚያወራው በሄክታር ነው። አራት ጥማድ አንድ ሄክታር በሚባልበት ቦታ በጥማድ 10 ኩንታል ማለት በሄክታር 40 ነው። ሁለቱን ያቀላቀለ ግራፍ ጎበዙን ገበሬ ሰነፍ ያደርገዋል። «የበቆሎ ምርት (ኩንታል በሄክታር)» ብላችሁ ጻፉ። ፒኤች ግን መለኪያ ስለሌለው ስሙ ብቻ ይበቃዋል።

3. ዓመትና ሰዓት

በኅዳር 2015 ዓ.ም. የታጨደውን በቆሎ ያበቀለው የሐምሌና የነሐሴ 2014 ዓ.ም. ዝናብ ነው። በፈረንጆቹ ግን ሁለቱም በ2022 ውስጥ ናቸው። ዘንጉ ላይ «2015» ብቻ ብትጽፉ አንባቢው ምርቱን ከተሳሳተ ክረምት ጋር ያገናኛል። «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» የሚለውን አትርሱ። የመለኪያ መሣሪያው 14:00 ብሎ የመዘገበውም በእኛ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው፤ የትኛውን እንደተጠቀማችሁ ግለጹ።

4. ፊደሉ እንዲነበብ

በፓይተን የምትሠሩ ማትፕሎትሊብ የግዕዙን ፊደል ባዶ ሳጥን ቢያደርግባችሁ አትደንግጡ። በቀጥታ የሚጠቀምበት ፎንት የግዕዝ ፊደል የለውም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ጭናችሁ ፎንቱን ቀይሩ። በኤክሴል ደግሞ ኒያላ ይሠራል።

የፊደሉን መጠን በሚታተምበት ልክ አስቡት። ስፋቱ 16 ሳንቲ ሜትር የሆነ ግራፍ 8 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ሲገባ 10 የነበረው ፊደል 5 ይሆናል፤ አይነበብም። ጽሑፋችሁ በጥቁርና ነጭ ፎቶ ኮፒ ሊደረግ ስለሚችል በቀለም ብቻ አትለዩ፤ አንዱን ክብ፣ ሌላውን ሦስት ማዕዘን አድርጉ። ነጥቦቹ ከበዙና ስሞቹ ከተደራረቡ በጽሑፋችሁ የምታነሷቸውን ብቻ ሰይሙ።

የቤት ሥራ

ግራፉን ብቻውን አትማችሁ ሌላ ዲፓርትመንት ለሚማር የዶርም ጓደኛችሁ ስጡ። ምን ተለካ? በምን መለኪያ? የትና መቼ? እናንተን ሳይጠይቅ ከመለሰ ግራፉ ደርሷል። ከጠየቃችሁ ግን የጠየቃችሁን ነገር ግራፉ ላይ ጻፉት።

አላህ ድካማችሁን ፍሬያማ ያድርገው።