ፋይሉ አልጠፋም፤ በሌላ ፊደል ተጽፎ ነው

በአንድ ቢሮ ውስጥ አንዱ ባለሙያ «ፍኖተ ሰላም» ይላል፣ ሌላው «ፍኖተ ሠላም»፣ ሦስተኛው ሁለቱን ቃላት ገጥሞ ይጽፋቸዋል። አንባቢ ልዩነቱን ልብ አይልም። ኮምፒውተር ግን «ሰ» እና «ሠ»ን ፈጽሞ የማይገናኙ ፊደላት አድርጎ ነው የሚያያቸው። ሊኑክስ ላይ ፋይል ለሚፈልግ ሰው ዋናው ዕንቅፋት ይህ ነው።

1. መሣሪያውን በሚያስታውሱት ነገር ይምረጡ። የፋይሉ ስም ትዝ ካለዎት ኤፍሰርች (FSearch) የተባለው የፋይል መፈለጊያ ፕሮግራም ይበቃል፤ ስሞችን ቀድሞ ስለሚመዘግብ ገና ሲተይቡ ውጤቱን ይደረድራል። ያልተመዘገበለትን ፎልደር ግን አያውቅም፤ ስለዚህ የሥራ ፎልደሮችዎን በምርጫዎቹ ውስጥ ያስገቡና መዝገቡን ያድሱ። የሚያስታውሱት ጊዜውን ወይም የፋይሉን ዓይነት ከሆነ ካትፊሽ (Catfish) ይሻላል። በውስጡ ያለ ቃል ብቻ ከሆነ ደግሞ ሪኮል (Recoll)። ሦስቱም አንዴ ከተጫኑ ኢንተርኔት አይፈልጉም።

2. በፋይል ስም ሲፈልጉ የማይምታታውን የቃሉን ክፍል ይተይቡ። «ሰነድ» ከማለት «ነድ»፣ «ፍኖተ ሰላም» ከማለት «ፍኖተ» ይበሉ። «ማዳበሪያ» እና «በርበሬ» ተመሳሳይ ድምፅ ያለው ሌላ ፊደል ስለሌለባቸው እንዳሉ ይሠራሉ። «ጸሐፊ»ን ግን በ12 መንገድ መጻፍ ይቻላል። እንዲህ ዓይነቱን ቃል ኤፍሰርች ላይ የሬጌክስ (Regex) ምርጫን አብርተው [ጸፀ][ሀሃሐሓኀኃ]ፊ ብለው ይፈልጉ፤ በቅንፍ ውስጥ ካሉት ፊደላት የትኛውም ቢሆን ይቀበላል።

3. ሊኑክስ በፋይል ስም ውስጥ እዝባር (/) አይፈቅድም። «ት/ቤት» እና «ጽ/ቤት» ብሎ መሰየም ስለማይቻል አንዱ ሰረዝ፣ ሌላው ነጥብ ያስገባል፣ ሌላው ይተወዋል። ኤፍሰርች ላይ የሬጌክስ ምርጫውን አጥፍተው *ት*ቤት* ብለው ቢፈልጉ «ት/ቤት» የተጻፈበትን መንገድ ሁሉ ያገኛሉ፤ ለ«ጽ/ቤት» ደግሞ *ጽ*ቤት* ይበሉ።

4. ቀኑን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ይመልሱ። በ2015 በጀት ዓመት የተጻፈ ደብዳቤ ካትፊሽ ላይ የሚገኘው ከጁላይ 8 ቀን 2022 እስከ ጁላይ 7 ቀን 2023 ባለው ጊዜ ነው። የዓመቱ ማጠቃለያ ሪፖርት ከሆነ መጨረሻውን ወር ሁለት ወር ያስረዝሙት፤ ሪፖርት በሰኔ 30 አልቆ አያውቅም። ደግሞም የሚታየው ፋይሉ መጨረሻ የተነካበት ቀን ነው። ትናንት አንድ ነጠላ ሰረዝ አርሞ ያስቀመጠ ሰው ካለ የድሮው ፋይል የትናንት መስሎ ይቀርባል።

5. ሪኮል ሙሉ ቃል ነው የሚያዛምደው። «ማዳበሪያ» ብለው ከፈለጉ «የማዳበሪያውን» ያልፈዋል፤ *ማዳበሪያ* ይበሉ፣ ትንሽ ቢዘገይም ያመጣዋል።

ሪኮል በተለመደው አሠራሩ የማያነባቸው ሁለት ዓይነት ሰነዶች አሉ። አንደኛው ማኅተም ያረፈበት፣ በስካነር የገባ ደብዳቤ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ፎቶ እንጂ ጽሑፍ አይደለም። ሁለተኛው ዩኒኮድ ባልሆኑ የድሮ የግዕዝ ፎንቶች የተተየበ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በእነዚያ ፎንቶች የተጻፈው ሰነድ ሲከፈት አማርኛ ቢመስልም ከሥሩ የተቀመጠው የላቲን ፊደልና ምልክት ነው። ሁለቱንም በስማቸውና በቀናቸው እንጂ በይዘታቸው አይፈልጓቸው። ሲያገኟቸው ስማቸውን በዚያው ያስተካክሉ፤ የደብዳቤውን ቁጥር፣ ዓመቱንና የጉዳዩን አንድ ቃል መጻፍ ይበቃል።