ትዝታና ተዝካር፤ ስለ ዘመንና ስለ ዕድሜ ከሙረባዕ የተወሰደ ትምህርት

ሰው በዕድሜ እየገፋ በሄደ ቍጥር ፊቱን ወደ ኋላ መመለስ ያዘወትራል። ሽማግሌው በአደባባይ፣ አሮጊቲቱ በምድጃዋ ዳር፣ አረጋዊው መነኵሴም በደጀ ሰላም ሲጨዋወቱ «ድሮ ቀረ» ማለታቸው በየአገሩ የታወቀ ነው። ጠቢቡ ሰሎሞን በመጽሐፈ መክብብ ያለፈውን ዘመን ከዛሬው እያበለጡ መመራመርን ከጥበብ አልቈጠረውም። ዳሩ ግን ቤተ ክርስቲያን ራሷ የመታሰቢያ ቤት ናት፤ ከዓመት እስከ ዓመት በዓል የምታከብረው ያለፈውን በማሰብ ነውና። እንግዲህ የተነቀፈው ማሰብ የትኛው ነው? የተፈቀደውስ የትኛው ነው? ይህን ለመለየት አንድ ምሳሌ መመልከት ይጠቅማል።

ምሳሌው በሳዑዲ ዐረቢያ ዋና ከተማ በሪያድ ከሚገኘው ሙረባዕ ከተባለው ሰፈር የተወሰደ ነው። ከሩቅ መወሰዱም ያለ ምክንያት አይደለም። በቅርብ የሚያውቁትን ሽማግሌ እንዳይመዝኑ ፍቅርም ቅያሜም ይከለክላሉ፤ ደግሞም ወደዚያ አገር ለሥራ የሄዱና ከዚያ የተመለሱ ወገኖች ከተሳላሚዎች መካከል አይታጡም። በዚህ ጽሑፍ የተነገሩት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

ሙረባዕ በዐረብኛ አራት ማዕዘን ማለት ነው። የግእዝ ተማሪ ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ አርባዕቱ፣ ረቡዕ፣ ርቡዕ ከሚሉት ቃላት ጋር ሥሩ አንድ ነውና። ሰፈሩ ስሙን የታወቀበት ንጉሥ አብዱልአዚዝ ባሠራው ቤተ መንግሥት ነው። ይህ ሰው ገና ጐልማሳ ሳለ ከኵዌት ተነሥቶ ጥቂት ጓደኞቹን አስከትሎ በጥር ወር 1902 በሌሊት የሪያድን ቅጥር ተሻግሮ ገባ፤ በነጋም ጊዜ ማስመክ የተባለውን የጭቃ ምሽግ ያዘ። ከሠላሳ ዓመት ጦርነትና ድርድር በኋላ በ1932 መንግሥቱ ሳዑዲ ዐረቢያ ተብሎ ተሰየመ። ስድሳ ዓመት ገደማ በሆነው ጊዜ ከአሮጌው ቅጥር ውጭ በስተ ሰሜን አዲስ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመረ፤ በ1938ም ገባበት። ግንቡ እንደ አባቶቹ ቤት በፀሐይ ከደረቀ ጡብና ከአገሩ እንጨት የተሠራ ነበር። ነገር ግን የኤሌክትሪክ መብራት ገባለት፤ ንጉሡ ደረጃ መውጣት ባቃተው ጊዜም አሳንሰር ተተከለለት።

ጕልበቱ ታሞ ነበርና። ቅጥር ተሻግሮ የገባው ያ ጐልማሳ፣ ሲሸመግል አካሄዱ ከበደው። በየካቲት 14 ቀን 1945 በግብፅ በታላቁ መራራ ሐይቅ ላይ፣ ኵዊንሲ በተባለችው የጦር መርከብ ከአሜሪካው ፕሬዚዳንት ከሩዝቬልት ጋር ተገናኘ። (በዋዜማው በዚያችው መርከብ ከፕሬዚዳንቱ ጋር የተነጋገሩት የኢትዮጵያው ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ።) ሩዝቬልት ራሱ መራመድ የተሳነው ሰው ስለ ነበረ የንጉሡን ሕመም ተመልክቶ ከባለ መንኰራኵር ወንበሮቹ አንዱን ሰጠው። ሁለት ወር ሳይሞላ ሰጪው ሞተ፤ ተቀባዩ ግን እስከ 1953 ቈየ።

እዚህ ላይ ማስተዋል የሚገባው ነገር አለ። ንጉሡ በሙረባዕ አዳራሽ ተቀምጦ ያችን የ1902 ሌሊት ለእንግዶቹ ደጋግሞ ይተርክ እንደ ነበር የሚያውቁት ሰዎች ጽፈዋል። እንዲህ ያለ ትረካ የሽማግሌ ወግ ነው፤ ነውርም የለበትም። ነገር ግን ታሪኩን የተረከው ወደ ማስመክ ተመልሶ አይደለም። ከተማዪቱን በያዘ ጊዜ ያሳደሰው ቅጥር እንኳ በ1950 በራሱ ዘመነ መንግሥት ፈረሰ፤ ከተማዪቱ ሰፍታ ጠቧት ነበርና። ወንበሩንም አልናቀም፤ ፈረሰኛ ነበርሁ ብሎ መሬት ለመሬት መዳህን አልመረጠም። ይህ ሲባል ሰውየውን ለማመስገን ብቻ አይደለም፤ በሰይፍ የተሰበሰበ መንግሥት የብዙ እናቶች እንባ እንዳለበት የማያውቅ የለም። ለትምህርቱ የሚጠቅመው፣ ያለፈውን በአንደበቱ ይዞ በአካሉ በዛሬ መኖሩ ነው።

ያለፈውን የሚናፍቅ ሰው ግን ብዙ ጊዜ የሚናፍቀው የነበረውን ሁሉ አይደለም፤ መርጦ ነው። እስራኤል በምድረ በዳ ሳሉ በግብፅ የበሉትን ዓሣና ዱባ፣ ሽንኵርቱንም ሳይቀር አንድ በአንድ ቈጠሩ፤ የጡቡን ቍጥርና የአሠሪውን ጅራፍ ግን በዚያ ዝርዝር ውስጥ አላገቡትም። የድሮዪቱን ሪያድ የሚናፍቅም ሽማግሌ ጠባቡን መንገድ፣ ጥላውን፣ ጎረቤት ከጎረቤት የሚጠራራበትን ሰገነት ያነሣል። ውኃ በእንስሳ ጕልበት ከጥልቅ ጕድጓድ ይቀዳ እንደ ነበር፣ በ1919ም ወረርሽኙ በገባ ጊዜ በየቤቱ ሬሳ እንደ ወጣ አያነሣም። በዚያ ወረርሽኝ ንጉሡ ራሱ በኵር ልጁን ቱርኪን ቀብሯል። ይኸው በሽታ ጥቂት ቀደም ብሎ በ1918 በኅዳር ወር ወደ አዲስ አበባ ገብቶ ቀባሪ እስኪታጣ ድረስ ሕዝብ ጨርሷል፤ እስከ ዛሬ በኅዳር 12 ቀን ቈሻሻ እየተቃጠለ «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው የዚያ መታሰቢያ ነው። ጢሱን የሚያጤሰው ልጅ በሽታውን አያውቀውም። «በድሮ ጊዜ ሰው ጤነኛ ነበር» የሚለው ሽማግሌም ያን ጢስ እያሸተተ እንዲህ ማለቱ ያስገርማል።

ይህ መራጭነት ግን ከክፋት የመጣ አይደለም። ሽማግሌው የሚናፍቀው ከዘመኑ ይልቅ በዘመኑ ውስጥ የነበረውን ራሱን፣ ማለት የቀና ጕልበቱንና በሕይወት የነበሩትን ወዳጆቹን ነው። እርሱን ተከራክሮ ለመርታት የሚነሣ ወጣት የሟቾቹን ስም እየረገጠ እንደሆነ ሊያውቅ ይገባዋል።

ከአሮጌዋ ሪያድ በስተ ደቡብ መንፉሐ የሚባል ስፍራ አለ። ዛሬ ከከተማዪቱ ሰፈሮች አንዱ ነው፤ ጥንት ግን ራሱን የቻለ መንደር ነበር። በ6ኛውና በ7ኛው መቶ ዓመት መካከል የነበረው አል አዕሻ የተባለው ባለቅኔ የዚያ ሰው ነው። ስሙ ዐይኑ በመሸ ጊዜ የሚደክም፣ ዳፍንታም እንደ ማለት ነው። በዚያ ዘመን የዐረብ ባለቅኔዎች ልማድ እንዲህ ነበር፤ ቅኔያቸውን የሚጀምሩት ወዳጅ ተነሥቶ በሄደበት ሰፈር ቆመው የድንኳኑን ምልክትና የምድጃውን አመድ እያዩ በማልቀስ ነው። ነገር ግን ልቅሶው በመግቢያው ያበቃል። ባለቅኔው ግመሉን ይጭናል፣ በረሓውን ያቋርጣል፣ ወደ ጉዳዩም ይሄዳል። በእኛ አገር ትዝታ ከአራቱ የዘፈን ቅኝቶች የአንዱ ስም ነው፤ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ወንድሞቹ ናቸው። በትዝታው ቅኝት ግን ግመል የሚጭን አይገኝም፤ እዚያው አመዱ ዘንድ ተቀምጦ ማደር ነው። ጣዕሙም አደጋውም ይኸው ነው።

በዚያው በመንፉሐ በእኛ ዘመን ብዙ ኢትዮጵያውያን ኖረዋል። በኅዳር ወር 2013 የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውን ሠራተኞች ማስወጣት በተጀመረ ጊዜ በሰፈሩ ግጭት ተነሥቶ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ በተከተሉትም ወራት ከ100,000 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው ተመለሱ። የእነዚህ ነገር ከሁሉ ይልቅ ያሳዝናል፤ ትዝታቸው ሁለት ጊዜ ስለ ጐዳቸው። በሰው አገር ሳሉ ልባቸው ከመንደራቸው ነበር፤ የሰው ቤት ሲያጸዱ፣ የሰው ልጅ ሲያሳድጉ፣ ሕይወት የሚጀምረው አገር ሲገቡ ነው እያሉ ዓመታቱን እንደ መንገድ አዳሪ አሳለፉአቸው። አገር በገቡ ጊዜ የናፈቁት መንደር በቦታው አልቈየም። እናት አርጅታለች፤ እኵዮች ወልደዋል፣ ወይም እነርሱም ተሰድደዋል፤ ወንዙም ቀንሷል። ከዚህ በኋላ ደግሞ ከእነርሱ አንዳንዱ የሪያድን ማታ፣ ዐርብ ዐርብ በአንዲት ጠባብ ክፍል ተሰብስበው ያፈሉትን ቡና መናፈቅ ይጀምራል። ያ ቡና በተፈላበት ሰዓት ግን ጠጪው ልቡ ከዚያ አልነበረም።

የሊቃውንት ትርጓሜ የሚያስፈልገው በዚህ ስፍራ ነው። ዘከረ የሚለው የግእዝ ግሥ አሰበ ማለት ሲሆን ተዝካር የሚለው ስም ከእርሱ ይወጣል። ሰው በሞተ በ40ኛው ቀን ተዝካር ሲወጣለት የሚታሰበው ያለፈው ሰው ነው፤ እንጀራው ግን የሚቈረሰው ዛሬ ለተራበው ነው። ማሰቡ እጅ አለው፤ ከሞተው ተቀብሎ ለሚኖረው ይሰጣል። አንድም፤ ተዝካር ወሰን አለው፤ 40 ተብሎ፣ 80 ተብሎ፣ ሙት ዓመት ተብሎ ይቈጠራል፤ ኀዘንተኛውም በመካከሉ ወደ እርሻው ይመለሳል። እርግጥ ይህም ሥርዐት የሚበላሽበት ጊዜ አለ። ለስም ሲል በሬውን ሸጦ፣ ተበድሮም ድግስ የሚደግስና ልጆቹን ለረኃብ የሚተው ሰው ተዝካሩን ገልብጦታል፤ በዚያ ቤት የሞተው የሚኖረውን በላው።

ትዝታ ግን ወሰንም ተቀባይም የለውም። ስለዚህ ያለፈውን የሚያስብ ሰው ራሱን ሲመረምር ሊጠይቅ የሚገባው፣ ይህ የማስበው ነገር ዛሬ ለማን እንጀራ ይሆናል? ብሎ ነው። የሙረባዕ ቤተ መንግሥት ራሱ ይህን ጥያቄ በድንጋይና በጭቃ መልሶታል ማለት ይቻላል። ሪያድ በእስላም አቈጣጠር ከተያዘች መቶ ዓመት በሞላ ጊዜ፣ በ1999፣ ግቢው ታድሶ ከብሔራዊው ቤተ መዘክር ጋር ለሕዝብ ተከፈተ። ንጉሥ ብቻ ይገባበት በነበረው በር ዛሬ ተማሪ ይገባበታል። የእኛም አገር ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በ1961 ለዩኒቨርሲቲ ተሰጥቶ እንዲሁ ሆኗል። በ2023 ደግሞ በሪያድ ሌላ አዲስ ከተማ ለመሥራት መታሰቡ ሲታወጅ «አዲሱ ሙረባዕ» ተባለ፤ በመካከሉም በየጐኑ 400 ሜትር የሆነ ሕንጻ ታቅዶ ነበር። የስሙ ነገር ፈገግ ያሰኛል፤ አሮጌው ሙረባዕ ራሱ ከቅጥር ውጭ የተሠራ አዲስ ነገር ነበርና።

በአብነት ትምህርት ቤትም ነገሩ ይኸው ነው። አረጋዊው መምህር ደበሎ ለብሰው፣ አኮፋዳ አንግበው፣ ከውሻ ጋር እየታገሉ ቍራሽ እየለመኑ መማራቸውን ይተርካሉ፤ የዛሬውን ተማሪ መብራትና የታተመ መጽሐፍ አሰነፈው ይላሉ። ስለ ቃል ትምህርት የሚሉት እውነት ነው፤ መጽሐፉን ታምኖ ቃሉን በልቡ ያላኖረ ተማሪ በማሕሌት መካከል ሲቆም ያስታውቃል። ስለ ረኃቡ የሚሉት ግን እንደዚያ አይደለም፤ ከእርሳቸው ጋር የጀመሩት በተስቦ የቀሩ ጓደኞቻቸው ዛሬ አይተርኩም። ስለዚህ ተማሪ ሆይ፣ መምህርህ «በእኛ ጊዜ» ብለው ሲጀምሩ፣ የዛሬው ይሻላል ብለህ አትከራከራቸው፤ ድሮ ይሻል ነበር ብለህም አታሸንግላቸው። ቀለምህን አዘጋጅተህ፣ ያን የዜማ ስልት ከማን ተቀበሉት? ቅኔውን ስንት ሌሊት አደሩበት? ከእርስዎ ጋር የነበሩትስ ስማቸው ማን ማን ነበረ? ብለህ ጠይቃቸውና ጻፍ።