ከትንሿ ጣት በኩል የሚነሳው መልእክት የት ይቆማል?



ከሶላት በኋላ ዚክር በጣቶቻችን ስንቆጥር አውራ ጣትና ትንሿ ጣት እንዴት እንደተለያዩ ብዙም አናስብም። በዚህ እትም ይህንኑ እንይ።

ከጽንሰት በኋላ በ4ኛው ሳምንት ገደማ እጃችን ከጽንሱ ጎን የወጣች ትንሽ እብጠት ነበረች። ወደፊት ትንሿ ጣት በምትወጣበት ጠርዝ ያሉት ሴሎች ሶኒክ ሄጅሆግ የተባለ ፕሮቲን ያመነጫሉ (ስሙ ከቪዲዮ ጌም የተወሰደ ነው፤ ሳይንቲስቶችም ይቀልዳሉ)። ፕሮቲኑ በብዛትና ለረጅም ጊዜ የደረሰው ጎን ትንሿን ጣት ያወጣል፤ አውራ ጣት ግን ያለ እሱ ይሠራል። ስለዚህ የመልእክቱ መድረስ ብቻ ሳይሆን አለመድረሱም ያስፈልጋል። ሳውንደርስና ጋስሊንግ እ.ኤ.አ. በ1968 ይህን ጠርዝ ከጫጩት ሽል ቆርጠው በተቃራኒው ጠርዝ ሲተክሉት፣ ክንፉ እንደ መስታወት ምስል የተደገሙ ጣቶች አወጣ።

ታዲያ ገደቡን ማን ያበጃል? መጀመሪያ ላኪው ራሱ ነው። ሴሉ ፕሮቲኑን ከመልቀቁ በፊት ኮሌስትሮልና ፋቲ አሲድ ያጣብቅበታል። ቅባት የያዘ ነገር ደግሞ ከሴል ሽፋን ጋር ይጣበቃል እንጂ በፈሳሽ ውስጥ እንደልቡ አይሄድም።

ቀጥሎ ተቀባዩ አለ፤ በጥናት ቡድናችን ብዙዎቻችንን ያደናገረው ይህ ነው። ፓችድ የተባለው ተቀባይ ሥራው ስሙዘንድ የተባለውን ፕሮቲን አፍኖ መያዝ ነው። ሶኒክ መጥቶ ከፓችድ ጋር ሲጣበቅ አፈናው ይለቃል፤ ሴሉም ይነቃል። የነቃው ሴል ከሚያመርታቸው ነገሮች አንዱ ግን ራሱ ፓችድ ነው! «መልእክቱ ፓችድን ካስቆመው በኋላ ለምን እንደገና ያስመርተዋል?» ብላ አንዲት እህታችን ጠየቀች። መልሱ፦ ተጨማሪው ፓችድ ሶኒክን ይዞ ወደ ሴሉ ውስጥ ያስገባዋል፤ እዚያም ይፈርሳል። ከጀርባ ላለው ጎረቤት ሴል የሚተርፈው በዚያው ልክ ያንሳል። መልእክቱ በበረታ ቁጥር የሚይዘውም ይበዛል ማለት ነው። ይህች ነጥብ ካልገባችን በሽምደዳ ብቻ ፈተናውን አናልፈውም።

ገደቡ ሲጣስስ? ሶኒክ በእጅ ላይ የት እንዲመረት የሚያዘው የዲኤንኤ ክፍል ከጂኑ 1 ሚሊዮን ያህል ፊደል ርቆ ይገኛል። እዚያ አንዲት ፊደል ስትለወጥ ፕሮቲኑ በአውራ ጣት በኩልም ሊመረት፣ ልጁም በስድስት ጣት ሊወለድ ይችላል። የፓችድ ጂን ሲበላሽ ግን ነገሩ ይከብዳል፤ ስሙዘንድን የሚያፍነው ስለሌለ ሴሉ መልእክት ሳይደርሰው ይባዛል። ቤዛል ሴል ካርሲኖማ የተባለው የቆዳ ካንሰር በአብዛኛው የሚነሳው በዚህ መንገድ ነው። ቪስሞዴጊብ የተባለው መድኃኒት ስሙዘንድን ይዘጋል። ለነፍሰ ጡር ግን አይሰጥም፤ ጽንሱ ያንኑ መልእክት ይፈልገዋልና።