ቀጥታ ርጭት ሞተር፦ በቤንዚን የተቆጠበው በጥላሸት ሲከፈል

ያገለገለ መኪና ለሽያጭ ሲቀርብ ገዢ፣ ሻጭና ደላላ የሚከራከሩት በሥሪቱ ዘመን፣ በተነዳበት ኪሎ ሜትርና በቀለሙ ነው። ቤንዚኑ ወደ ሞተሩ በየት በኩል እንደሚገባ የሚጠይቅ ብዙም አይገኝም። መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን በጥር 2016 ዓ.ም. ካስታወቀ ወዲህ ግን የቤንዚን መኪና ፈላጊ በአብዛኛው የሚመርጠው እዚሁ ከተነዱት መካከል በመሆኑ፣ ይህ የዋጋ ጥያቄ ሆኗል።

በተለመደው ሞተር ቤንዚን የሚረጨው ከአየር ማስገቢያው ቫልቭ በስተኋላ ስለሆነ፣ ወደ ሲሊንደር ሲገባ ቫልቩን እያጠበ ያልፋል። ቪትዝና እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተሠራው ኮሮላ ከዚህ ወገን ናቸው። በቀጥታ ርጭት ግን ቤንዚኑ በከፍተኛ ግፊት የሚረጨው ሲሊንደሩ ውስጥ ነው። ሚትሱቢሺ ይህንኑ እ.ኤ.አ. በ1996 በጋላንት ይዞ ከወጣ በኋላ ሌሎችም በሰፊው ገቡበት። ጥቅሙ የሚካድ አይደለም፤ ቤንዚኑ ሲተን ሲሊንደር ውስጥ ያለውን አየር ስለሚያቀዘቅዝ፣ ሞተሩ ከዚያው ነዳጅ የተሻለ ጉልበት ያወጣል።

ዕዳው ያለው ቫልቩ ላይ ነው። ከፒስተኖቹ በታች ካለው ክፍል የሚወጣው የዘይት ትነት አየር እንዳይበክል ተመልሶ እንዲቃጠል ይደረጋል። ትነቱ በመንገዱ የጋለው ቫልቭ ላይ እያረፈ ይጋገራል፤ የሚያጥበው ቤንዚን ደግሞ በዚያ አያልፍም። ጥላሸቱ ሲወፍር የአየሩ መንገድ ይጠባል፣ ሞተሩ ጠዋት ሲነሳ ይንቀጠቀጣል፣ ሚኒሞው ይዋዥቃል፣ ጉልበቱ ይቀንሳል። ምልክቱ ከካንዴላ ብልሽት ጋር ስለሚመሳሰል፣ ካንዴላ ተለውጦም ንቅጥቃጤው የማይለቀው መኪና አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የቢ.ኤም.ደብሊው ኤን 54 እና የኦዲ ቀደምት ኤፍ.ኤስ.አይ. ሞተሮች ስማቸው በዚህ ተደጋግሞ ተነሥቷል።

ታንከር ውስጥ የሚጨመር ማጽጃ መርጫውን ያጸዳ እንደሆነ እንጂ ቫልቩ ዘንድ አይደርስም፤ ለዚህ ሲባል መግዛቱ ገንዘብ መጣል ነው። የሚያዋጣው የአየር ማስገቢያውን ፈትቶ፣ የተፈጨ የዋልነት ፍሬ ቅርፊት በአየር ግፊት እየረጩ መጥረግ ነው። ቅርፊቱ ብረቱን ሳይጎዳ ጥላሸቱን ያነሣል። የሚጠረገው ቫልቭ መዘጋቱን ያላረጋገጠ መካኒክ ግን ቅርፊቱን ወደ ሲሊንደር ይልካል፤ ያ ሌላ ወጪ ነው። ዕቃው ርካሽ ሆኖ ሳለ ሒሳቡን ከፍ የሚያደርገው መፍታትና መግጠሙ ነው።

ገዢ እንግዲህ የጽዳቱን ዋጋ ከጋራዥ አስቀድሞ ጠይቆ ቅናሽ ሊጠይቅበት ይችላል። ያስጠረገ ሻጭም ደረሰኙን አሳይቶ በዋጋው ይጸናል። ሁለቱንም መርጫ በያዙ ሞተሮች ላይ፣ ለምሳሌ ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ2005 ለሌክሰስ አይ.ኤስ. 350 ባቀረበው፣ ይህ ክርክር ብዙም አያስኬድም። በቀሩት ላይ ኪሎ ሜትር ብቻውን አይበቃም፤ አጭር መንገድ የለመደና ዘይቱ በጊዜው ያልተለወጠ መኪና ትንሽ ተነድቶም ጥላሸት ሊሞላው ይችላል። ስለዚህ መኪናው የሚታየው ሞተሩ እንደቀዘቀዘ ጠዋት ነው፤ ሻጩ አስቀድሞ አሙቆት ከጠበቀ በማግስቱ ተመልሶ መምጣት ይሻላል።